የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተኝቶ የቀረው ሂደት

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የኮምፒውተር ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የአፈር እርጥበት ከሚለካ ሴንሰር ንባብ የሚቀበል ትንሽ የሊነክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሞጁል፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ ጽፌአለሁ። በሞጁሉ ውስጥ ሁለት ትሬዶች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት የሥራ መስመሮች፣ አሉ። ሰብሳቢው ንባቡን ሜሞሪ ላይ ያስቀምጥና «ዝግጁ» የሚለውን ምልክት ወደ 1 ይለውጣል፤ ተረካቢው ንባቡን ወስዶ ምልክቱን ወደ 0 ይመልሳል። ሰብሳቢው የቀድሞው ንባብ ሳይወሰድ አዲስ አይጽፍም። ተረካቢው መጀመሪያ ሁኔታውን «ተኝቻለሁ» ብሎ ይመዘግባል፣ ቀጥሎ ምልክቱን ያያል፣ ምልክቱ 0 ከሆነ ተራውን ለስኬጁለሩ፣ ማለትም ለከርነሉ ተራ አስከባሪ፣ ይለቃል። ሥራው እንዲፈጥን ብዬ ሁኔታውን የምመዘግበው ከስሙ ፊት ሁለት የሥር መስመር ባለበት «ሴት ከረንት ስቴት» በተባለው ተግባር ነው፤ ሰብሳቢውም የተረካቢውን ሁኔታ አስቀድሞ አይቶ፣ ተኝቶ ከሆነ ብቻ «ዌክ አፕ ፕሮሰስ» የተባለውን የማንቂያ ተግባር ይጠራል። ይህ ሁሉ በኢንቴል ላፕቶፔ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። የአርም ፕሮሰሰር ባላት ትንሿ ኮምፒውተር በራስበሪ ፓይ 4 ላይ ስጭነው ግን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተረካቢው ተኝቶ ይቀራል፤ በሂደቶች ዝርዝር ውስጥ በጥልቅ መተኛቱን የምታመለክተው ዲ የምትባለው ፊደል አጠገቡ ትታያለች፣ ከርነሉም ከ120 ሰከንድ በላይ እንደታገደ ያስጠነቅቃል። አንዳንዴ ደግሞ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ንባብ ይሰጠኛል። ጓደኛዬ ተለዋዋጮቹን ቮላታይል አድርጋቸው ብሎኝ ሞከርሁ፤ ችግሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጥፋቱ የርካሹ ፕሮሰሰር ነው ወይስ የእኔ? ሁሉንም በቁልፍ ብዘጋውስ? ስኬጁለሩ ራሱስ በእንዲህ ያለ ነገር ሳይሰናከል የሚሠራው እንዴት ነው?» — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ርካሹን ፕሮሰሰር አይክሰሱት። በራስበሪ ፓይ 4 ውስጥ ያሉት አራቱ የኮርቴክስ ኤ72 ኮሮች (ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ያደረጉት የአርም ደንብ የሚፈቅድላቸውን ብቻ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ተቀላቅለው ስላገኘኋቸው ለየብቻ ማየቱ ይሻላል፤ በተለይም ተኝቶ መቅረቱ በኢንቴል ላፕቶፕዎ ላይም ሊደርስ የሚችል ስለሆነ፣ ሁለቱ ቀን በሰላም ማለፉ ለኮዱ ትክክለኛነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

በመጀመሪያ ተኝቶ የቀረውን እንያዝ። አንድ የግቢ ዘበኛ አለ እንበል። ከመተኛቱ በፊት «ተኝቻለሁ፣ አንኳኩ» የሚል ካርቶን በሩ ላይ ይሰቅልና የደብዳቤ ሣጥኑን ያያል፤ ባዶ ከሆነ ይተኛል። መልእክተኛው ደግሞ ደብዳቤውን ሣጥኑ ውስጥ ይከትና ወደ በሩ ቀና ይላል፤ ካርቶን ተሰቅሎ ካየ ያንኳኳል፣ ካላየ ዘበኛው ነቅቷልና ራሱ ያገኘዋል ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም በተባለው ቅደም ተከተል ከሠሩ ደብዳቤው ተረስቶ ሊያድር አይችልም፤ ቢያንስ አንዳቸው የሌላውን ሥራ ማየታቸው አይቀርም። ነገር ግን ዘበኛው ካርቶኑን ራሱ በመስቀል ፈንታ «እንካ፣ ስቀልልኝ» ብሎ ለልጁ ቢሰጥና ልጁ በሩ ዘንድ ሳይደርስ ሣጥኑን ቢያይስ? ሣጥኑ ባዶ ነው። በዚያችው ቅጽበት መልእክተኛው መጥቶ ደብዳቤውን ይከታል፣ በሩ ላይ ግን ካርቶን ስለማያይ መንገዱን ይቀጥላል። ልጁ ካርቶኑን ይሰቅላል፣ ዘበኛው ይተኛል። ሁሉም የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ደብዳቤው ግን ሣጥን ውስጥ አድሯል።

ልጁ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስቶር በፈር ይባላል። አንድ ኮር የሚጽፍበት የካሽ (ለኮሩ ቅርብ የሆነ ፈጣን ሜሞሪ) መስመር በሌላ ኮር እጅ ከሆነ፣ መስመሩን እስኪረከብ ቆሞ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያባክንበታል፤ ስለዚህ ጽሑፉን በዚህ የግል ማቆያ አኑሮ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ያልፋል። ኮሩ ራሱ ያንኑ አድራሻ ቢያነብ ከማቆያው ስለሚያገኘው የጎደለ ነገር ያለ አይመስለውም፤ ሌላው ኮር ግን የሚያየው አሮጌውን ዋጋ ነው። ሌስሊ ላምፖርት በ1979 እ.ኤ.አ. ሥርዓታዊ ወጥነት ብሎ የገለጸው፣ የሁሉም ፕሮሰሰሮች ሥራ በአንድ ሰልፍ እንደተከናወነ ሆኖ የሚታይበት ዓለም፣ እኛ ኮድ ስንጽፍ በሐሳባችን የምንኖርበት ዓለም ነው፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት የኢንቴልና የአርም ፕሮሰሰሮች ግን ያንን ቃል አይገቡልንም። የኢንቴሉ ደንብ ጥብቅ ስለሆነ አንድ ዓይነት መዘግየት ብቻ ይፈቅዳል፤ እርሱም የቀደመ ጽሑፍ ከኋላው ከሚመጣ የሌላ አድራሻ ንባብ በኋላ ለሌሎች መታየቱ ነው። የእርስዎ ተረካቢ የሚያደርገው ደግሞ በትክክል ያንኑ ነው፤ ሁኔታውን ይጽፋል፣ ምልክቱን ያነባል። ሰብሳቢውም በተራው ምልክቱን ይጽፋል፣ ሁኔታውን ያነባል። ሁለቱም ወገን ልጅ እየላከ ነው። አልፎም ሰብሳቢዎ የቀድሞው ንባብ ሳይወሰድ አዲስ ስለማይጽፍ፣ አንዴ የጠፋች ማንቂያ የምትካስበት ሌላ ዕድል የለም፤ ሁለቱም ለዘላለም ይጠባበቃሉ።

ቮላታይል የሚናገረው ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ ለሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ለኮምፓይለሩ ነው። ኮምፓይለሩ የሜሞሪ ንባብን እንዳይዘልል፣ ዋጋውን በሪጅስተር (በኮሩ ውስጥ ባለች ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ይዞ እንዳይቀር፣ ቮላታይል የሆኑትንም እርስ በርሳቸው እንዳያቀያይር ያዘዋል፤ ትእዛዞቹ በትክክለኛው ተራ ከወጡ በኋላ ፕሮሰሰሩ የሚያደርገውን ግን አይነካም። ችግሩ የቀነሰልዎ የጊዜ አገጣጠሙ ስለተለወጠ ወይም የኮምፓይለሩ ድርሻ ስለተወገደ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ግማሽ መድኃኒት ስሕተቱን ከላቦራቶሪ አውጥቶ ማሳ ላይ እንዲገለጥ ስለሚያደርገው እኔ ከበሽታው አብልጬ እፈራዋለሁ።

መፍትሔው ያስወገዷቸው ነገሮች ውስጥ ነበረ። የሥር መስመር የሌለበት «ሴት ከረንት ስቴት» ሁኔታውን ከጻፈ በኋላ ሙሉ ሜሞሪ ባሪየር ያስቀምጣል፤ ማለትም ጽሑፉ ለሌሎች ሳይታይ ቀጣዩ ንባብ እንዳይፈጸም ያግዳል። በአርም ላይ ይህ ዲኤምቢ የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ በኢንቴል ላይ ሁኔታው የሚጻፈው ዋጋ በሚለዋውጥ ትእዛዝ ስለሆነ ባሪየርነቱ በውስጡ አለ። «ዌክ አፕ ፕሮሰስ»ም የሂደቱን ሁኔታ ከማየቱ በፊት ሙሉ ባሪየር ያልፋል። የሥር መስመር ያለበት ስም የተሠራው ሌላ ነገር ቅደም ተከተሉን ለሚያስከብርበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ ሂደቱ ነቅቶ ከመጠበቂያው ዑደት (ሉፕ) ከወጣ በኋላ ሁኔታውን ወደ «እየሠራሁ ነው» ለመመለስ ያገለግላል። ሰብሳቢው አስቀድሞ ሁኔታውን መመልከቱ ደግሞ በ«ዌክ አፕ ፕሮሰስ» ውስጥ ያለው ባሪየር ከመድረሱ በፊት ስለሚፈጸም ባሪየሩን ከንቱ ያደርገዋል። ያንን ቅድመ እይታ ይሰርዙት፤ ማቆየት የግድ ከሆነ ምልክቱን በመጻፍና ሁኔታውን በማየት መካከል «ኤስኤምፒ ኤምቢ» የተባለውን ሙሉ ባሪየር ያስገቡ። ይህ ወጥመድ በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ የመጠባበቂያ ሰልፉ ባዶ መሆኑን ለማየት የሚያገለግለው «ዌይትኪው አክቲቭ» የተባለው ተግባር በከርነሉ ውስጥ ከበላዩ ረዘም ያለ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ብሆን ይህን ዑደት በእጄ አልጽፈውም ነበር፤ «ዌይት ኢቨንት» እና «ዌክ አፕ» ተረካቢው ከሚተኛበት ዑደት ጋር ተሠርተው ተቀምጠዋል።

ግማሽ አሮጌው ንባብ ሁለተኛው ሕመም ነው፤ ይህ የአርም ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሰብሳቢው መጀመሪያ የሴንሰሩን ንባብ፣ ቀጥሎ ምልክቱን ይጽፋል። ኢንቴል ሁለት ጽሑፎችን በተጻፉበት ተራ ያሳያል፣ ሁለት የሜሞሪ ንባቦችንም በተራቸው እንደተፈጸሙ አድርጎ ያቀርባል። አርም ግን አድራሻዎቹ የተለያዩ ከሆኑና ትስስር ከሌላቸው ምልክቱን ከንባቡ አስቀድሞ ሊያሳይ ይችላል፤ ተረካቢውም በበኩሉ ምልክቱን ሳያይ ንባቡን አስቀድሞ አምጥቶ ሊይዝ ይችላል። እዚህ ላይ ሙሉ ባሪየር አያስፈልግም። ሰብሳቢው ምልክቱን በ«ኤስኤምፒ ስቶር ሪሊዝ» ይጻፍ፣ ተረካቢው በ«ኤስኤምፒ ሎድ አኳየር» ያንብበው፤ የመጀመሪያው «ከእኔ በፊት የተሠራው ሁሉ ከእኔ በፊት ይታይ»፣ ሁለተኛው «ከእኔ በኋላ የሚነበበው ሁሉ ከእኔ በኋላ ይነበብ» ማለት ነው። ተረካቢው ምልክቱን ወደ 0 ሲመልስም ያንኑ ሪሊዝ ይጠቀም፤ አለዚያ ንባቡን ወስዶ ሳይጨርስ ሰብሳቢው ሊጽፍበት ይችላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን የመልሱን ጉዞ ነው። አንዱ ወገን ብቻ የሚጠነቀቅበት ቅደም ተከተል የለም፤ ለእያንዳንዱ ባሪየር በማዶ ያለውን ጓደኛውን በስሙ መጥራት ካልቻሉ ያ ባሪየር የተቀመጠው በግምት ነው። የስኬጁለሩን ኮድ ቢያነቡ ከባሪየሮቹ አጠገብ «ከእገሌ ጋር ይጣመራል» የሚል ማስታወሻ የሚያገኙትም ለዚህ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ወገን ብቻ የሚይዘውን ቁልፍ (ሎክ) በተመለከተ፣ ሁለቱም ወገኖች አንዱን ቁልፍ ይዘው ብቻ የሚነኩት ነገር ከሆነ ቁልፉ ይበቃል፤ ለመመረቂያ ሥራዎም ይህን እመርጥልዎታለሁ። ነገር ግን ቁልፍን እንደ ሙሉ ባሪየር አይቁጠሩት። ቁልፍ መያዝ አኳየር፣ መልቀቅ ሪሊዝ ብቻ ነው፤ ማለትም ውስጥ ያለው እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ ውጭ ያለው ሾልኮ እንዳይገባ አይከለክልም። ከቁልፉ በፊት የተጻፈ ነገር ቁልፉ ከተያዘ በኋላ ካለ ንባብ ኋላ ሊቀር ይችላል። ስኬጁለሩ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ፣ «ስኬጁል» የሚባለው ተግባር የሰልፉን ቁልፍ እንደያዘ ወዲያው ተጨማሪ ባሪየር ያልፋል፤ ይህን ባያደርግ ኖሮ ሁኔታውን «ሲግናል (ለሂደት የሚላክ አጭር መልእክት) ከመጣ እነቃለሁ» ብሎ የተኛ ሂደት ያንኑ ሲግናል ሳያይ ሊያልፈው በቻለ ነበር።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ደረስን። ስኬጁለር የከርነሉ ተራ አስከባሪ ነው፤ ይሁን እንጂ የታክሲው ተራ አስከባሪ አንድ ሰልፍ ሲጠብቅ፣ ይህኛው ለእያንዳንዱ ኮር የተለየ ሰልፍ አለው፣ ሂደቶችም ከሰልፍ ወደ ሰልፍ ይዛወራሉ። ለእያንዳንዱ ሂደት ከሁኔታው ሌላ ሁለት ነገሮች ይመዘገባሉ፤ «ኦን አርኪው» ሂደቱ ሰልፍ ላይ መሆኑን፣ «ኦን ሲፒዩ» አሁን በአንድ ኮር ላይ እየሮጠ መሆኑን ይናገራሉ። አንድ ሂደት ሊተኛ ሲል መጀመሪያ ከሰልፉ ይወጣል፣ ኮሩም ወደ ሌላ ሂደት ይሸጋገራል፤ የቀድሞው ሂደት የሪጅስተር ዋጋዎች ሁሉ ተቀምጠው ካለቁ በኋላ ብቻ «ኦን ሲፒዩ» በሪሊዝ ወደ 0 ይመለሳል። የሚቀሰቅሰው ኮር ደግሞ ይህ 0 እስኪሆን በአኳየር እያነበበ ይጠብቃል። ይህ ጥንድ ባይኖር አንድ ሂደት ገና ያልተቀመጠ ቁልል (ስታክ) ይዞ በሌላ ኮር ላይ መሮጥ በጀመረ ነበር፤ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚያስከትለውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ስኬጁለሩም ቢሆን ተሰናክሎ ያውቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከከርነሉ 4.8 እትም በፊት፣ የሚቀሰቅሰው ተግባር የሂደቱን ሁኔታ ካነበበ በኋላ «ኦን አርኪው»ን ያለ ባሪየር ያነብ ነበር። አንድ ሂደት ተቀስቅሶ ወደ ሰልፍ ይገባል፣ ይሮጣል፣ ከዚያም ሁኔታውን እንደገና «ተኝቻለሁ» ብሎ መዝግቦ፣ የሚጠብቀው ነገር መሟላቱን አይቶ ከዑደቱ ይወጣና አንድ ቁልፍ ለመያዝ ከኮሩ ሳይወርድ ደጋግሞ ይሞክራል። ቁልፉን የያዘው ሌላ ኮር ያንኑ ሂደት ሊቀሰቅስ ይመጣል፤ አዲሱን ሁኔታ «ተኝቻለሁ» ብሎ ያነባል፣ «ኦን አርኪው»ን ግን ከመቀስቀሱ በፊት በነበረው አሮጌ ዋጋ 0 ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ሂደቱ በእርግጥ ሊወርድ ነው ብሎ «ኦን ሲፒዩ» 0 እስኪሆን ይጠብቃል። ሂደቱ ደግሞ ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ ከኮሩ አይወርድም። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ማሽኑ በሙሉ ይቆማል። ሁለቱም ንባቦች የተፈጸሙት ቁልፍ ተይዞ ነበር፤ ችግሩ «ኦን አርኪው» የሚለወጠው በሌላ ቁልፍ፣ በሰልፉ ቁልፍ ሥር መሆኑ ነው። ስሕተቱን ያገኙት ባለሙያ በ80 ትሬድ ማሽን ላይ ሜሞሪውን ሆን ብለው እጅግ አሳንሰው ከባድ ጫና ቢያደርጉበትም፣ እስኪደገም ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር። ማስተካከያው በሁለቱ ንባቦች መካከል የገባ አንድ የንባብ ባሪየር ነው፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ማብራሪያ ከኮዱ በብዙ እጥፍ ይረዝማል።

ስለዚህ ኮድዎን በመሮጥ ብቻ አይፈትኑት። ከ4.17 እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የትኛው የሜሞሪ ቅደም ተከተል እንደሚፈቀድ የሚደነግገው የሊነክስ የሜሞሪ ሞዴል በከርነሉ የመሣሪያዎች ማውጫ ውስጥ ተካቷል፤ ኸርድ 7 በተባለው ፕሮግራም የዘበኛውንና የመልእክተኛውን ታሪክ በጥቂት መስመር ጽፈው መጠየቅ ይችላሉ። ያለ ባሪየር ሲጠይቁት አራት ውጤቶችን ያሳይዎትና ክፉው ውጤት «አንዳንዴ» እንደሚደርስ ይነግርዎታል፤ በሁለቱም ወገን ሙሉ ባሪየር ሲያስገቡ ሦስት ውጤቶች ብቻ ይቀራሉ፣ መልሱም «በፍጹም» ይሆናል። ከሁለቱ ባሪየሮች አንዱን አውጥተው ይሞክሩት፤ መልሱ ወዲያው ወደ «አንዳንዴ» ይመለሳል። በሰነድዎ ውስጥ ይህን ውጤት ቢያስገቡ መርማሪዎችዎ የሚጠይቁት የሚቀንስ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ «ቤቴ ያለው ኮምፒውተር አንድ ኮር ብቻ ያለው አሮጌ ማሽን ነው። ይህ ሁሉ ባሪየር ለእኔ ሸክም ብቻ አይደለምን?» — ከአዳማ

መልስ፦ አንድ ኮር የራሱን ጽሑፍ ምንጊዜም በተራው ስለሚያየው ሥጋትዎ ትክክል ነው፤ ከርነሉም ያውቀዋል። በስማቸው ፊት «ኤስኤምፒ» የሚል ቅጥያ ያለባቸው ባሪየሮች ለአንድ ፕሮሰሰር በተገነባ ከርነል ውስጥ ኮምፓይለሩን ብቻ የሚያግዱ ሆነው ይቀራሉ፣ ምንም ትእዛዝ አያወጡም። ከኔትዎርክ ካርድና ከመሰል መሣሪያ ጋር ሲነጋገሩ የሚያስፈልጉት ባሪየሮች ግን በአንድ ኮርም ላይ ይቆያሉ፤ መሣሪያው ሜሞሪውን በራሱ ስለሚያነብ እርሱም እንደ ሌላ ተመልካች ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ «የሰርቨር ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ሜምባሪየር በሚባለው የሲስተም ጥሪ (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት መንገድ) አንዱ ትሬድ ለሌሎቹ ሁሉ ባሪየር ማስፈጸም ይችላል ሲባል ሰማሁ። ሌላው ትሬድ ሳያውቅ እንዴት ይሆናል? ከስኬጁለሩስ ጋር ምን አገናኘው?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ጥሪው በ2015 እ.ኤ.አ. በ4.3 እትም ገባ። ሐሳቡ ሸክሙን ወደ አንድ ወገን ማዛወር ነው። ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በሰከንድ እጅግ ብዙ ጊዜ የሚሠራ፣ ሌላው ደግሞ ከስንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ፣ ፈጣኑ ወገን ኮምፓይለሩን ብቻ አግዶ ይሠራል፤ ዘገምተኛው ሲመጣ ሜምባሪየርን ይጠራና የሁለቱንም ዕዳ ይከፍላል። የመጀመሪያው ዓይነት ሁሉም ኮሮች በስኬጁለሩ በኩል እስኪያልፉ ስለሚጠብቅ ዘገምተኛ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. በ4.14 የመጣው ፈጣን ዓይነት ግን የዚያኑ ፕሮግራም ትሬዶች እየሮጡባቸው ወዳሉ ኮሮች ብቻ ኢንተራፕት (ኮሩን ከሥራው ለአፍታ የሚያቋርጥ ጥሪ) ይልካል፤ ኢንተራፕቱን የተቀበለ ኮር ሙሉ ባሪየር ፈጽሞ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስኬጁለሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጠሪው የትኛው ኮር የእርሱን ትሬድ እያስኬደ እንደሆነ የሚያውቀው፣ በእያንዳንዱ ኮር ሰልፍ ላይ «አሁን የሚሮጠው» ተብሎ የተመዘገበውን በማየት ነው። በዚያው ቅጽበት ኮሩ ሂደት እየቀየረ ከሆነ ጠሪው የእርሱን ትሬድ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ስኬጁለሩ ግዴታ ተጥሎበታል፤ ትሬዱ በተጠቃሚው ኮድ ውስጥ በሠራው የመጨረሻ ሥራና ይህ መዝገብ በሚለወጥበት ጊዜ መካከል፣ እንዲሁም መዝገቡ ከተለወጠ በኋላ አዲሱ ትሬድ ወደ ኮዱ ከመመለሱ በፊት፣ ሙሉ ባሪየር መኖር አለበት። በዚህ መንገድ ጠሪው ያላየው ትሬድ ሁሉ ወይ ባሪየሩን አልፎ ወጥቷል፣ ወይ ሊገባ ሲል ያልፈዋል። በኢንቴል ላይ የሜሞሪ ካርታው ሲቀየር የሚጻፈው ሲአር3 የሚባል ሪጅስተር ራሱ ከፊቱ ያሉትን ትእዛዞች ሁሉ ስለሚያስጨርስ ለዚህ ሽግግር ተጨማሪ ወጪ የለም፤ ሁለት ትሬዶች አንድ ካርታ ሲጋሩ ግን ሲአር3 አይጻፍም፣ በዚያን ጊዜ ግን ከሽግግሩ በፊትም በኋላም የሚሮጠው የዚያው ፕሮግራም ትሬድ ስለሆነ ጠሪው ኮሩን ያየዋል፣ ኢንተራፕትም ይልክበታል።